ያልተመዘነው ጉርሻ

ልጄን ካምፕ ለማስገባት የተጣደፍኩት ለጤናዋ ነበር ወይስ የሰው ዓይን ፈርቼ? የጠየቀችኝ ራሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ በሰው አገር፣ ሆግቭሊት ሰፈር ካለው ቤታችን ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው።

ነገሩን የጀመረችው የትምህርት ቤቷ ሐኪም ናት። ክብደቷ ጉልበቷንና ትንፋሿን እያስቸገራት ስለሆነ በበጋው እረፍት የክብደት መቀነሻ ካምፕ ብትሞክሩ አለችና የሦስት ካምፖች ወረቀት ሰጠችኝ።

እኔ ወረቀት ከያዝኩ አልለቅም። የማታ ትምህርት የጨረስኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ በልጅነቱ የተማረ ሰው ገለጥ አድርጎ የሚያልፈውን እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ እቀመጥበታለሁ። ደብተር አውጥቼ ጥያቄዎቼን ጻፍኩ። ልጆቹ የሚመዘኑት ሌላው እያየ ነው? ስትፈልግ ቤት መደወል ትችላለች? በጾም ቀን ምን ይሰጧታል?

የመጀመሪያው ካምፕ ጫካ ውስጥ ነው፤ ሦስት ሳምንት እዚያው ማደር፣ ስልክ ክልክል። ወረቀታቸው ላይ የአንድ ልጅ ሁለት ፎቶ ነበር፤ አንዱ ከመግባቱ በፊት፣ አንዱ ከወጣ በኋላ። ልጄ አየት አደረገችና "ከስቶም ያው እንዳኮረፈ ነው" አለች። ሰረዝኩት።

ሁለተኛው አምስተርዳም ነው፤ ሄደን አየነው። ንጹሕ ነው፣ ኃላፊውም ትሁት ሰው ነው። ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳኝ ልጄን አንዴም አላያትም። በባቡር ስንመለስ፣

"የምገባው እኔ መስሎኝ ነበር እኮ" አለችኝ።

"አንቺ ነሽ እንጂ።"

"እሱ ግን አንቺን ሊያስገባ ነው የፈለገው።"

ይኼንንም ሰረዝኩ።

የቀረው ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ያለው ነበር። ቀን ውላ ማታ ቤቷ ትገባለች። ከመሄዳችን በፊት የአንድ ሳምንት ምግቧን ጽፋችሁ አምጡ አሉን። ይኼ እንግዲህ የእኔ ሥራ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦውን በግራም እየመዘንኩ ሰባት ቀን ጻፍኩ። አባቷ "ቤት ነው ፋርማሲ?" እያለ ያልፋል።

የካምፑ የምግብ ባለሙያ ደብተሬን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"በዚህ ምግብማ መክሳት ነበረባት" አለች።

ልጄ ሳቀች። "ማማ ጉርሻውን አልጻፈችማ።"

ክው አልኩ። የመዘንኩት ሳህኗ ላይ የነበረውን ብቻ ነው። አባቷ ሲያጎርሳት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ እናቶች ተራ በተራ ሲያጎርሷት፣ ምግብ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። አንድ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛውም ለምርቃት። ልጄ ለባለሙያዋ ጉርሻ ምን እንደሆነ በእጇ እያሳየች ካስረዳቻት በኋላ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረችላት። እሁድ ብቻ አሥራ ዘጠኝ።

ባለሙያዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወንበሯን ወደ ልጄ አዞረች።

"እምቢ ማለት ትችያለሽ?"

"አይቻልም። ይቀየማሉ።"

"እንግዲያው ያንቺ ሥራ አይደለም። ለሚያጎርሱሽ ሰዎች የሚነግር ትልቅ ሰው ያስፈልጋል" አለችና እኔን አየችኝ።

ልጆቹ የሚመዘኑበት ሚዛን ከመጋረጃ ጀርባ እንደሆነ አረጋግጬ እዚያው ፈረምኩ።

ልጄ ወደደችው። አሸዋ ላይ ስትሮጥ፣ ስትዋኝ ውላ ፀጉሯ ጨው ጨው እያለ ትመጣለች። ደረጃውን ሳታርፍ ስትወጣ ከታች ሆኜ እሰማታለሁ፤ ደስ ይለኛል። ለሰው ግን "ዋና እየተማረች ነው" እል ነበር። መዋኘቷ እውነት ነው፤ የቀረውን ዋጥኩት። "ወፈር ብለሻል" ምርቃት በሆነበት ሰው መካከል፣ ልጄን ላከሳት ነው ብዬ በምን አፌ ልናገር? እሁድ እሁድ ጉርሻው ቀጠለ። ልጄ ጉንጯ ሞልቶ በሴቶቹ ትከሻ በኩል ታየኛለች። መንገሩ የማን ሥራ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ካምፑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ትራንስቫል የሚባለው ሰፈር፣ የክርስትና እናቷ ቤት ሄድን። ምስሩ ቀረበ። እሳቸውም "ጠጋ በይ" ብለው ጠቀለሉ። ልጄ አፏን ሳትከፍት ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ፣ ይቆዩኝ" አልኩ።

ሐኪሟን፣ ካምፑን፣ ዋና ነው ማለቴን ሁሉ ነገርኳቸው። ጉርሻውን በእጃቸው እንደያዙ ሰሙኝ።

"እኔ እኮ" አሉ፣ "ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ከሳች ብዬ ለእመቤታችን ተስያለሁ። ደብቀሽኝ ስጨነቅ ከረምኩ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"አትዘኚ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለቻቸው ልጄ። በአንቺ ማናገሯ እንደ ሁልጊዜው አሳቀቀኝ፤ እሳቸው ግን ከንፈራቸው ወደ ፈገግታ አደላ።

"ታዲያ ስለትዎስ?" አልኩ።

"ጤናዋን ነው የለመንኩት። ኪሎ አልጠቀስኩም።"

ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱትና ትሪውን ወደ ልጄ ገፋ አደረጉላት። "በይ አንሺ። የሚበቃሽን እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ።"