ፎቅ ላይ የወጣው ራኩባ

መተማ ላይ በመጋቢት ሙቀት ፎቅ ወጥቶ ጨርቅ መሸጥ እብደት ነው። እኔ ግን ሸጫለሁ። አዲሱ የገበያ ማዕከል ሲከፈት ላይኛው ፎቅ ላይ ሱቅ ተከራየሁ፤ ደጃፌ ላይ የሚሰፉልኝን ሽማግሌ ልብስ ሰፊም ይዤ ወጣሁ። የሕንጻው ባለቤት ጎንደር አይቶ የመጣውን ዓይነት መስታወት ፊት ለፊት ገጥሞበታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች በገመድ ታንቃ አሉ። ቀትር ሲሆን ገበያተኛው ደረጃው ሥር ቆሞ ሽቅብ ያየንና ሙቀቱን ፈርቶ ይመለሳል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ገበያው ብቻ አልነበረም። ያለ መነጽር ሲሰፉ የኖሩት ሽማግሌ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው። እያፈሩ ክሩን ለእኔ ይዘረጉልኝ ጀመር። አንድ ቀን "ዓይኔ ሄዷል ልጄ፤ የፋሲካን ልብስ ጨርሼ ሳንጃ ከተማ ልጄ ዘንድ እገባለሁ" አሉኝ። ሙቀቱ ነው ብላቸው፣ ሙቀት ድሮም ነበር አሉኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ሳልጎረጉር እንቅልፍ አይወስደኝም። ድሮም ከነበረ የአሁኑ ለምን ባሰ? መስታወቱን በመጋረጃ ጋረድኩት፤ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልለቀቀንም። ቬንቲሌተር ገዛሁ፤ ያንኑ ትኩስ አየር ያገላብጣል። ወንበር ላይ ቆሜ ኮርኒሱን ብነካው እጄን አቃጠለኝ። ለካ ከላይ፣ ከቆርቆሮው ነው የሚመጣው።

ባለቤቱን አስፈቅጄ ቆርቆሮው ላይ ሰሊጥ የሚሰጣበትን ሸራ አስነጠፍኩ። ጉድ እኮ ነው፣ ብዙም አልረዳን። ገርሞኝ ወረድኩና ከመንገዱ ማዶ ያለው ራኩባ ሥር ተቀመጥኩ። ራኩባ እንግዲህ ባላ እንጨት ላይ አገዳና ሣር የተረበረበበት ዳስ ነው። ከላይ ጥላው፣ ከሥር ነፋሱ። የእኔ ሸራ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ነፋስ በምን በኩል ይለፍ?

ፎቁ ላይ ራኩባ እንሥራ ስለው ባለቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ተቆጣ። ልፋቴን ሁሉ የማሳ ጎጆ ልታስመስይው ነው ወይ አለኝ። እኔም ብሽቅ ብዬ፣ ባዶ ፎቅ ከማሳ ጎጆ በምን ይሻላል አልኩት። ተኳርፈን ሰነበትን። ኋላ ግን ከመንገድ እንዳይታይ ብሎ ከእኛ ሱቅ በላይ ብቻ እንዲሠራ ፈቀደ። ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚሁ የቀሩ የጎጃም ሠራተኞች አገዳውን ከቆርቆሮው ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ረበረቡልን።

በማግስቱ ቀትር ላይ ኮርኒሱን ነካሁ፤ እጄን አላሸሸሁም። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ግንባራቸውን ሊጠርጉ ፎጣቸውን አነሱ፤ ፎጣው ደረቅ እንደሆነ ተመለሰ። ክር ሲበጠስባቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ጫፉን በከንፈራቸው አርጥበው መርፌው ውስጥ አስገቡት።

"ላብ ነበር እንዴ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው?" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ ልጃቸው ጋ ደውዬ እንደማይመጡ እንድነግርላቸው። ቁጥሩን መፈለግ ስጀምር ስልኩን መልሰው ወሰዱት።

"ተይው" አሉና ራሳቸው ፈልገው ደወሉ።