ጋሽ ሞኒተርና ሁለቱ ስክሪኖች

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ ሞኒተር» በሚለው ስም ነው። እኔን እንኳ «የጋሽ ሞኒተር እህት» ነው የሚሉኝ። የልብስ ስፌት ሱቄ ከእሱ ጌም ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ሳሳጥር ኖሬ፣ ለራሴ የሚሆን ስም አላተረፍኩም። የእሱ ሥራ ኮምፒውተር ጌም ማጫወትና የተበላሸ ስክሪን መጠገን ነው። የሰው ፊት አይለይም፤ ሰላም ያለውን ደንበኛ «ማን ነበርክ አንተ?» ይላል። ስክሪን ላይ ያለች ጉድፍ ግን ከሩቅ አታመልጠውም።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ገና ድክ ድክ ስትል ነው። ልጅቷን ያሳደግናት እኔና እሱ ነን፤ እኔ በስፌት መኪናዬ ሥር ላቆያት ስሞክር እሱ ኪቦርድ ፊት ያስቀምጣታል። ማን እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሳትለምድ በተኩስ ጌም የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ አንገት የምታስደፋ ሆነች። ስሟም «ሻምፒዮን» ሆኖ ቀረ። አድጋ የሂሳብ ሠራተኛ ከሆነች በኋላም ከቢሮ ስትወጣ እኔን በመስታወቱ በኩል በእጇ ሰላም ብላ ቀጥታ ወደ አባቷ ነበር የምትሄደው። አባትና ልጅ አንዱ አንዱን ሲያሳድድ፣ እሱ ሲሸነፍ፣ ሲሸነፍም ሲኩራራ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። ደስተኞች ነበሩ።

ከዚያ ፍላት ስክሪን መጣ። ጌም ቤቱን የሞሉት እነዚያ ከኋላቸው ሆድ ያላቸው አሮጌ ሞኒተሮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሰው በግድ የሚያነሳቸው፣ ክፍሉን ምድጃ የሚያደርጉ። ደንበኞች «ጋሼ፣ ሙዚየም ከፈቱ እንዴ?» እያሉ ቢያበሽቁት እየተነጫነጨ ሁሉንም በፍላት ቀየረ። ጠረጴዛው ሰፋ፣ ክፍሉም ቀዘቀዘ። ሻምፒዮን መሸነፍ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው።

ጠላት ከጎን ሲመጣባት አትዞርም። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ስትገባ ከግድግዳ ጋር ትላተማለች። ጎረምሶቹ «ሻምፒዮን ጃጀች!» እያሉ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘው፤ ስክሪኑ ነው አለ።

«ነይ እስኪ ጥቁሩን እዪው!» ብሎ እኔን ከነሜትሬ ጎትቶ አስገባኝ። «ይሄ ጥቁር ነው? አመድ እኮ ነው! ባለ ሆዱ ጥቁር ካለ ጥቁር ነው፣ ድርግም ነው የሚለው። ይሄኛው ከኋላው መብራት እየበራበት በምን አባቱ ይጠቁራል? ሰውዬው ሲሮጥ ደግሞ እዪ፤ ጭራ ያወጣል። ከጎን ስታዪው ቀለሙ ይሸሻል። ልጄ በምኗ ትተኩስ?»

እውነቱን ነበር። ጥቁሩ አመድ ነው፣ የሚሮጠውም ሰው ጭራ አለው። በስክሪን ጉዳይ ወንድሜ ተሳስቶ አያውቅም፤ የጎዳንም ይኸው ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው ዘምዝሚልኝ ብያት ጨርቁን ከዳር አሳለፈችው» አልኩት። «ለምን ዓይኗን አትታይም?»

«ዓይኗማ እንደ ንስር ነው!» አለና እዚያው ስክሪኑ ላይ ፊደል አሳንሶ፣ አሳንሶ፣ እኔ ጉንዳን ነው የመሰለኝን ጽሑፍ ደቀነባት። አንድም ሳትስት ወረደችው። ወደ ሱሪዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከዕቃ ቤት አንዱን ባለ ሆዱን አወጣ። እንደ ሙሽራ ጠራርጎ ከፍላቱ አጠገብ አስቀመጠው፤ አንዱን ጌም በሁለቱም ላይ ከፈተ። ጎረምሶቹ ከበቧቸው። በፍላቱ ላይ ተጫወተች፣ ተሸነፈች። ወንበሯን አዙራ በአሮጌው ተጫወተች፤ አሸነፈች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ወንድሜ «ምን አልኳችሁ! ምን አልኳችሁ!» እያለ ግንባሯን ሳማት። ከሚስቱ ሞት በኋላ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔም ሳላፍር አጨበጨብኩ።

ያ ሞኒተር የእሷ ሆነ። ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም። እየዋለ እያደረ ግን በእሱም ላይ መሸነፍ ጀመረች። ብርሃኑን ከፍ ያደርግላታል፣ ምስሉን ያሳንስላታል፣ መርገብገቡን ይቀንስላታል፤ በእያንዳንዱ ማስተካከያ «አሁን ተሻለ፣ አባዬ» ትለዋለች። ክረምቱም በጋውም እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሱቄ መጣች። ካውያው ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ነው የተቀመጠው፣ ከግራዋ። በክንዷ ጠርጋው ወደቀ፤ ክንዷም ተላጠ። የገረመኝ ቃጠሎው አይደለም። ወለሉ ላይ የሚጨሰውን ነገር በዓይኗ ፈልጋ ማጣቷ ነው። እሷን በአንድ እጄ፣ ወንድሜን በሌላ እጄ ይዤ ዓይን ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ መረመራት። ከዘመድ ዓይኑ የጠፋ አለ ወይ ብሎ ጠየቀን። አባታችን በመጨረሻ ጊዜው ግድግዳ እየዳበሰ ነበር የሚሄደው፤ እርጅና ነው ብለን ቀብረነዋል።

«የዓይን ግፊት ነው» አለ ሐኪሙ። «ከዳር ነው መብላት የሚጀምረው። መሃሉን ለመጨረሻ ይተወዋል።»

«ትንሿን ፊደል እኮ ታነባለች» አለ ወንድሜ። «ደግሞ በአሮጌው ሞኒተር ላይ ደህና ታያለች። ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ጭራ የለውም...»

«ሞኒተሩ ትንሽ ነው?»

«ከፍላቱ ያንሳል።»

«ስላነሰ ነው። በቀረላት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶላት ነው።»

ወንድሜ ኮፍያውን አወለቀ። «በፊት ብናመጣት ኖሮስ?»

«በጠብታ እናቆመው ነበር። አሁንም የቀረውን እንይዛለን። የሄደው ግን አይመለስም» አለ ሐኪሙ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ኮሪደር ላይ ለቀሪው ምርመራ ተራ ስንጠብቅ ወንድሜ ልጁን «ታዲያ ለምን ተሻለኝ ትዪኝ ነበር?» አላት።

«መጀመሪያ እውነትም ተሽሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ በፋሻ የታሰረ ክንዷን እያየች «በኋላ ደግሞ... አንተ ደስ ይልህ ነበራ» አለችው።

የመጨረሻው ምርመራ የሚደረገው ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ነው። ሻምፒዮን ጎድጓዳ ነጭ መሣሪያ ፊት ተቀምጣ አገጯን አሳረፈች። ነርሷ እጇ ላይ ቁልፍ አስያዘቻትና «መሃሉን ብቻ እያየሽ፣ በየትም በኩል ብርሃን ብልጭ ሲል ተጫኚ» አለቻት። ብልጭታው የት እንደወጣ ነርሷ ጋ ባለው ስክሪን ላይ ይታያል፤ እኔና ወንድሜ ከኋላዋ ቆመን እናያለን። በቀኝ ዓይኗ መሃል መሃሉን ተጫነች፣ ዳር ዳሩን ዝም። ቀጥሎ ቀኙ ተሸፈነና ግራው ተጀመረ፤ ለሐኪሙ ትንሽ ደመና አለው ብላ የነገረችው ዓይን ነው። አንድ ነጥብ ወጣ። ሌላ ወጣ። ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ ወጣ። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ወንድሜ ነጥብ በወጣ ቁጥር የራሱን አውራ ጣት ወደ መዳፉ ይጫናል።

ነጥቦቹ መውጣት አቆሙ።

«አባዬ» አለች አገጯን ሳታነሳ፣ «ገና አልጀመረም እንዴ?»

«ጨርሰናል፣ የኔ እህት» አለቻት ነርሷ።