የሳቅሁበት ጉርድ ፎቶ

የታላቅ እህቴን መታወቂያ ከላስቲኩ ሳወጣው የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታው። አትሳቁብኝ፤ ከዚያን ያህል ዘመን በኋላ ይሸታል ብዬ አልምልም፤ እኔን ግን ሸተተኝ።

ካዛንቺስ፣ ከታክሲ መቆሚያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረች። እህቴ እዚያ ጉርድ ፎቶ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ በመቀስ ትቆርጣለች። ባለቤቱ ጋሼ ከመጋረጃው ኋላ «ቀና በይ! እንዳትስቂ!» ሲሉ፣ ድምፃቸው ከውጭ ከታክሲ ረዳቶቹ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ጋር ይደባለቅ ነበር። ጉርድ ላይ የሚስቅ ሰው የለማ!

ችግሩም እሱ ነበር። ለእህቴ ዝም ያለ ፊት የተቆጣ ፊት ነው፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ እነዚያን ፊቶች ስትቆርጥ ውላ ልቧ ተሰብሮ ትመጣለች። «ዛሬ ሁሉም ጠልተውኛል» ስትል እናቴ «ኧረ በስመአብ! የማያውቁሽ ሰዎች?» ብላ ታማትባለች። ሕመም መሆኑንና ስሙን ከሐኪም የሰማነው ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ «ሆደ ባሻ ናት» ብለን እናልፈው ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ተነሳሁ። የቆረጠችው እሷው ነች። ማታ ስትመጣ እራት አልበላም አለች፤ ልብሷን በፌስታል መክተት ጀመረች።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ ፎቶዬን ይዛ።

«ጋሼ አትሳቂ ስላሉኝ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግን እዪው… አንቺም ከጠላሽኝ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?»

አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ጋሼን ለምኜ እንደገና ተነሳሁ፤ ጥርሴ በሙሉ እስኪታይ እየሳቅሁ። ትምህርት ቤት ይዤው ብሄድ «ምን ያስገለፍጥሻል? ሌላ አምጪ!» ብለው መለሱኝ። ኮስተር ያልኩበትን ሰጠኋቸው። የሳቅሁበትን እህቴ ወሰደችው፤ ልብሷም ከፌስታሉ ወጥቶ ወደ ቁም ሳጥኑ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ዝም ካልኩባት ፎቶውን ታወጣለች፣ እሱን ታያለች፣ እኔን ታያለች፤ ከዚያ «እሺ» ብላ ትተነፍሳለች። ያቺን «እሺ» እንዴት እንደምወዳት!

ባለፈው ክረምት አረፈች። ከመታወቂያዋ ጀርባ የኔ ሳቅ አለ፤ ጠርዙ ጣቷ ከመነካካቱ ብዛት ተልጧል። ፊት ለፊት ደግሞ የሷ ጉርድ ነው፤ ከንፈሯን ገጥማ ቀጥ ብላ ታየኛለች። ጋሼ ናቸው አትሳቂ ያሏት፤ አውቃለሁ። ግን ደጋግሜ አየሁት።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አልኳት።