የቅበላው ቋንጣ

ልጆች ሳለን ካዛንቺስ እኛ መንደር የሚሸተው በጨው የታሸ የአውሬ ቆዳ ነበር። ሽታው የሚመጣው ከጋሽ ዋቅቶላ ግቢ ነው። ፈቃድ ያላቸው አዳኞች የሚያመጡላቸውን የደጋ አጋዘንና የድኩላ ራስ ይፍቃሉ፣ ቆዳውን ያደርቃሉ፣ በመጨረሻም ነፍስ ያለው አስመስለው ጣውላ ላይ ያቆሙታል። እናቶቻችን አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ሲያልፉ እኛ በአጥሩ ቀዳዳ ተሻምተን እናያለን። እሳቸውም እጃቸውን ራስ ቅሉ ውስጥ ከተው አንጎሉን በማንኪያ እያወጡ ያጫውቱን ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ ከባለቤታቸው ከእትዬ እጸገነት ጋር ኡራኤል ግድም ተከራይተው ገቡ። ጉልበታቸው አልቋል፤ ከወንበራቸው ብዙም አይነሡም። እኔም አልፎ አልፎ ብቅ እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር የእትዬ እጸገነት የወንድም ልጅ ቴዎ ከኮሎራዶ መጣ። እዚያ አደን ለምዷል። ራሱ የገደለውን አጋዘን ዘልዝሎና አድርቆ በሻንጣው ልብስ መሀል ሸሽጎ አመጣላቸው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ቆዳውን ሲያሹ ሥጋውን ማን አቀመሳቸው እያለም ቀለደ። በገና ጾም ቅበላ ዕለት እትዬ እጸገነት ቋንጣውን በበርበሬና በቅቤ ሠሩት። ልጃቸው ልዩ ከመስቀል ፍላወር መጣች፤ እኔም አልቀረሁም። ልዩ ነፍሰ ጡር ናትና ሽታው አስጠልቷት እምቢ ብትልም፣ እናቷ ለአንቺ ሳይሆን ለሆድሽ ልጅ ነው እያሉ ደጋግመው አጎረሷት።

ቴዎ ከተመለሰ በኋላ አንድ ማለዳ እኔ እዚያው እያለሁ ደወለ። እዚያ አገር አጋዘንንና ኤልክ የሚሉትን ትልቁን ዘመዱን የሚጨርስ የአንጎል በሽታ አለ። በምራቅና በሽንት፣ በረገጡት አፈር ሳይቀር ይጋባል። የያዘው እንስሳ ይከሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ለሐጩ ይዝረከረካል፣ ሰው መፍራትም ይተዋል፤ መድኃኒት የለውምና ይሞታል። ቴዎ የገደለው ግን ገና ያልከሳ፣ ለዓይን ጤነኛ ነበር። ናሙና ለምርመራ ሰጥቶ ነው የመጣው።

«ሪዘልቱን ሳልጠብቅ ነው ያመጣሁላችሁ ጋሼ። ማለቴ… በቃ፣ ፖዘቲቭ ነው።»

ጋሽ ዋቅቶላ ሰው ይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። እስካሁን አልታየም፣ ነገር ግን የታመመውን አትብሉ ይላሉ አላቸው። መብሰሉስ ሲሉት፣ እሳት እንደማያጠፋው ነገራቸው።

ስልኩን ዘጉና «ስንቱን ጭንቅላት በባዶ እጄ ስፍቅ ኖሬ በወጥ ልያዝ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። የጨነቃቸው የልዩ ነገር ነው። ሰው ላይ ካልታየ እስክትወልድ ድረስ ባይነገራትስ፣ በከንቱ ትሸበራለች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሆዷ ውስጥ ያለው የእሷ ነው፤ እኛ አውቀን እሷ ሳታውቅ እንዴት ይሆናል? ግን ደክሞኛል ልጄ። ቤታችን ሊፈርስ ነው ብዬ ለእጸገነት የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ወንድሟ ሲሞትም ያረዳኋት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ይኼን።»

እትዬ እጸገነት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሲገቡ ግን አልሸሸጓቸውም። ሁሉንም ነገሯቸው፤ ሰው ላይ አልታየም የሚለውን ደጋገሙላቸው። እትዬ እጸገነት ቆመው ሰሙ። ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«እምቢ ብላኝ ነበር እኮ» አሉ በቀስታ።

«እጸዬ፣ አውቀሽ አይደለም።»

«በግድ ነው ያጎረስኳት።»

ጋሽ ዋቅቶላ ሁለቱም አብረው ሄደው እንዲነግሯት፣ ከዚያም ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷት ለመኗቸው። ግን እሳቸው ራሳቸው ትንሽ ልረፍና እነሣለሁ አሉ። እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተደግፈው ለመነሣት ሞከሩ፤ ግን ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ልደግፋቸው ስጠጋ፣ እትዬ እጸገነት ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ፣ እሳቸውንም እኔንም ሳያዩ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ወጡ።