ለጉድጓዱ ውሃ የጨመርኩ ቀን

ወንድሜን የበላው የወርቅ ጉድጓድ ዛሬ የለም፤ ተደፍኖ ማሽላ ተዘርቶበታል። እኔ ግን ኮምፒውተሬ ውስጥ እንደገና ቆፈርኩት። አሶሳ በአንድ ኮሌጅ የግንባታ ምህንድስና አስተምራለሁ፤ አፈርና ግድግዳ እንዴት እንደሚቆሙና እንደሚወድቁ በሞዴል መፈተሽ ሥራዬ ነው። ባልደረቦቼ ለተማሪዎች ማስተማሪያ የማዘጋጅ መስሏቸው ነበር። እኔም እንዲመስላቸው ተውኳቸው።

የእኔ ጉዳይ አባቴ ነበር። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ የተጣላ አስታራቂ፣ ሰው አክባሪ። በአንድ ሰው ላይ ግን ልቡ ድንጋይ ሆነ። ሰውየው የሆሞሻ ወረዳ ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፣ የወንድሜ የልብ ጓደኛ፣ ከቤታችን ማዕድ ተለይቶ የማያውቅ። ወንድሜ ታች ሆኖ ይቆፍራል፤ እሱ አፋፍ ላይ ቆሞ አፈሩን በባልዲ ይስባል። ግድግዳው በተናደ ሰዓት ጓደኛው ውሃ ሊቀዳ ወንዝ ወርዶ ነበር። «አፋፉ ላይ ቢገኝ ኖሮ ስንጥቁን አይቶ ይጠራው ነበር» ይላል አባቴ። የሆሞሻ ሽማግሌዎች ለእርቅ ቢመጡ ከደጅ መለሳቸው። በአባቴ ያፈርኩት ያኔ ብቻ ነው።

እናም ለማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፦ ጉድጓዱ ከመናዱ በፊት አፋፉ ላይ ምልክት ያሳይ ነበር ወይ?

ሞዴሉን የሠራልኝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነው። የምፈልገውን እጽፍለታለሁ፤ እሱ የስሌት ፕሮግራሙን ከፍቶ ራሱ ይሠራዋል። ሞዴል የሚያውቀው የሰጡትን የተፈጥሮ ሕግ ብቻ ነው፤ ክብደት ካልሰጡት ድንጋዩ አየር ላይ ይቀራል። እነዚህን ሕጎች የፊዚክስ ዓይነቶች እንላቸዋለን። በመጀመሪያ አንድ ብቻ አስጨመርኩ፤ አፈር የራሱን ጭነት እንዴት እንደሚሸከም። ጉድጓዱ ቀስ እያለ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁም ከአፋፉ ጀመረ። አባቴ ልክ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ረዳቱን ምን እንደጎደለ ጠየቅኩት። «ሞዴሉ ውስጥ ያለው የአፈሩ ጭነት ብቻ ነው። በአፈሩ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ አልተጨመረም። ልጨምር?» ብሎ ጻፈ። ተናደድኩ። ያኔ ዝናቡ እኮ አቁሞ፣ አፈሩ ደርቆ ነበር ብዬ መጻፍ ጀመርኩና እጄ መሐል ላይ ቆመ። በእኛ አገር ወርቅ ቆፋሪ ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው ክረምቱ ወጥቶ ላዩ ሲደርቅ ነው። ደረቀ የምንለው ግን እግራችን የረገጠውን ነው። ታች የከረመውን ውሃ ማን ጠይቆት ያውቃል? የጻፍኩትን አጥፍቼ «ጨምር» አልኩት።

ጨመረ፤ ውሃው አፈሩን እንዲገፋ፣ አፈሩም ውሃውን እንዲጨምቅ ሁለቱን ሕጎች አያያዛቸው። በዚህኛው አፋፉ ንቅንቅ አላለም። የታችኛው ግድግዳ መጀመሪያ ውሃ አዠ፤ ቀጥሎ ከሥሩ ተነደለ፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ወረደ። ቁጥሮቹን እየቀያየርኩ ደጋግሜ ሞከርኩት። ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር አልነበረም። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ቀሪው ገባኝ። ምልክቱን ሊያይ የሚችለው ታች ያለው ሰው ብቻ ነበር።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ በቤታችን ወንድሜ ተሳስቶ አያውቅም። ታዲያ አባቴን «ልጅህ አይቶ ዝም ብሎ ነው» ልበለው? ፈራሁ።

ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ የመኮትኮቻ እጀታ ይጠርብ ነበር። ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም።

«አባ፣ ሞዴል ያለፈውን በእርግጠኝነት አይናገርም» ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ግድግዳው ውሃ ማዠቱንም።

መጥረቡን ተወ። «ወንድምሽ ግድግዳው ያልበዋል ብሎኝ ነበር» አለ። «ትናንት አልቦት ነበር፣ ዛሬ ልቅር ወይ? አለኝ። ላዩ ደርቆ የለ እንዴ፣ ስንፍና ነው፣ ሂድ አልኩት። እኔ ነኝ የሰደድኩት፣ ልጄ።»

ተናደድኩበት፤ አሳዘነኝም።

«ደውይለት፣ ለዚያ ልጅ» አለኝ። የስልኩን ድምፅ ለሁለታችንም እንዲሰማ ከፍ አድርጌ ደወልኩና ለአባቴ ሰጠሁት። ጓደኛው የአባቴን ድምፅ ሲሰማ «አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ» አለ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል። አባቴ ለእኔ የነገረኝን እየተቆራረጠ ነገረው።



«እኔ አውቃለሁ፣ አባባ» አለ ጓደኛው በተሰባበረ አማርኛው። «እሱ ያን ቀን ነግሮኛል፣ አባቴ ሂድ ብሏል አለ። እኔ ለሰው አልናገርም አልኩ። አንተ አባት ነው። ይሄን እንዴት ይችላል አልኩ።»

አባቴ ስልኩን መያዝ አቃተው። እኔ ያዝኩለት።