«አንብባ ታረጋግጥ» ያልኩት እኔ ነኝ

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ መዘንኩት። አሥራ አራት ዓመት የምግብ ላቦራቶሪ ውስጥ የኖረ ሰው ልማዱ አይለቀውም። አሁን ግን የፖሊሲ ባለሙያ ነኝ። ነጩን ጋዋን አውልቄ ኮት ስለብስ አገር የማቀና መስሎኝ ነበር፤ እስካሁን ያስተካከልኩት ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

እሁድ ኩዌት ላይ ስብሰባ አለ። አለርጂ ላለባቸው ልጆች ምግብ ለሚያዘጋጁ የቤት ሠራተኞች ሁለቱ አገሮች በጋራ ያወጡት መመሪያ ይጸድቃል። አራተኛው ነጥብ የእኔ ነው፦ «ሠራተኛዋ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብባ ታረጋግጥ።» አቤት የኮራሁበት ኩራት!

ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ባያን ሰፈር፣ ኩዌት

ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ቪላ፣ የግቢ ግንብ፣ እንደገና ቪላ። የታክሲው ሹፌር ሕንዳዊ ነው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እናወራለን።

«ዶክተር ነሽ?»

«የምግብ።»

«ምግቡ ምን ሆነ?»

ሦስት ዲናር ከፍዬ ወረድኩ።

የአክስቴ ልጅ ሙሉ እዚህ የቤት ሠራተኛ ናት። አሠሪዋ ማዳም ለአስቤዛ ጀምኢያ፣ ማለትም የሰፈሩ ሱቅ፣ ስለላከቻት የተገናኘነው ብስኩት መደርደሪያው ሥር ነው። አቅፋ ሳመችኝና ወዲያው አንድ ካርቶን አስጨበጠችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ የተማርሽው ይህንኑ አይደል? ሰሊጥ አለበት? የማዳም ልጅ ሰሊጥ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ይዘጋል።»

አገላበጥኩት። እንግሊዝኛው ላይ የዓረብኛ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ዓረብኛ ደግሞ አላነብም። በጥፍሬ ልልጠው ስሞክር ሻጩ ተቆጣ። ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ ብስኩት ታቅፌ ቆምኩ።

ሙሉ ሳቀች፤ ፎቶ አንስታ ላከች። ከደቂቃ በኋላ በስልኳ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ሙልዬ፣ ወላሂ ሰሊጥ አለበት፣ መልሺው!»

ሰዓዳ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ሳባህ አል-ሳሌም የሚባል ሰፈር የምትሠራ። ፊደሉን ልጅ ሳለች ቁርአን ቤት ቆጥራለች፣ ቃሉን እዚህ ወጥ ቤት ለምዳለች። የባያን አብሳዮች ሁሉ ፎቶ የሚልኩት ለእሷ ነው።

«በሚቀጥለው ወር ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው» አለች ሙሉ፣ ሳቋ ጠፍቶ። «ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን የሚጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ አራተኛው ነጥብ ትዝ አለኝና አፈርኩ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

እሁድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ ኩዌት ከተማ

አዳራሹ በማቀዝቀዣ በርዷል። እጄን አወጣሁ። ማሸጊያው ላይ የሰሊጥ፣ የኦቾሎኒ፣ የወተት ሥዕል ይታተም፤ ማንበብ የማትችል ሴት እንዳትጠየቅ አልኩ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጡ። «ታዲያ ‹አንብባ ታረጋግጥ› ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ሥዕሉ ለጥናት ይቆይ፣ እስከዚያው አራተኛው ነጥብ ባለበት ይጽና ተባለ። ጥሩ አድርጌ ጽፌው ኖሯል፤ እኔው ራሴ ላስነሣው አልቻልኩም።

እሁድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ አውሮፕላን ማረፊያ

ለሙሉ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጻፍኩት እኔ መሆኔንም ጭምር። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«ጥናቱ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ እትዬ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሰዓዳ ሳትሄድ የዓረብኛውን ፊደል ታስቆጥረኛለች። ልጅቷን ካስተኛሁ በኋላ የማርፍባት አንዲት ሰዓት አለችኝ።»

ተሳፋሪዎች ተጠሩ። እሷ ከንጋት ጀምሮ ቆማ የምትውል ሴት ናት። ከዚያ ሁሉ ሥራ በኋላ የምትቀመጥባት አንዲት ሰዓት ነበረቻት፤ ያችንም ሰዓት እኔ ወሰድኩባት።