በየዓመቱ እየጠራች የሄደችው ስቶይና

ዝላትካ የምትተዳደረው የሞት ማስታወቂያ በማተም ነው። እኛ የትሮያን ከተማ ሰዎች የሞተብንን ሰው ፎቶ በየሙት ዓመቱ አሳትመን በራችን ላይ እንለጥፋለን።

ጎረቤቷ ነኝ፤ ከሱቋም አልጠፋም። አንዱን ኮምፒውተር ሳትለምደው ሌላው ይመጣባታል። ሙጫ የምትቀባበት ብሩሽ ግን የአባቷ ነው፤ ወደ ዋና ከተማችን ወደ ሶፊያ የሚወስደን አውቶቡስም ያው እንደተንገጫገጨ አለ።

«አውቶቡሱ እንደ ኮምፒውተሬ ቢሮጥ ኖሮ ሳትሳፈሪ ትደርሺ ነበር» ትለኛለች።

እኔ ግን ይህ ሩጫ አይጥመኝም። ማን አባሮን ነው?

ባለፈው መጋቢት ጋሽ ዶብሪን የሚስታቸውን የስቶይናን የሙት ዓመት ማስታወቂያ ሊያሳትሙ መጡ። ስቶይና ካሜራ ስታይ ትሸሽ ስለነበር፣ ያላቸው አንድ የደበዘዘ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ከዚያ ብዥታ ውስጥ ቅንድብ አወጣ፣ ሽፋሽፍት አወጣ፤ በግራ ጉንጯ ላይም ስርጉድ አወጣላት።

ጋሽ ዶብሪን ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ።

«ስርጉድ ነበራት እንዴ?»

«እኔን ይጠይቁኛል? ሚስትነቷ ለእርስዎ!» አለች ዝላትካ፣ ልታስቃቸው።

አልሳቁም። «ጠፋኝ፣ ልጄ። ስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ ጠፋኝ» አሉ።

ዝላትካ ብድግ አለች። «ይነሱ፣ በርዎ ላይ እንያት።»

ሦስታችንም ሄድን። ከደጃፋቸው ጣሪያ ሥር የየዓመቱ ወረቀት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ወፍሯል። ዝላትካ በውሃ እያራሰች አንድ በአንድ ላጠችው። በላጠች ቁጥር ስቶይና ወደ ኋላ ሄደች። የአምናዋ ስርጉድ አልነበራትም፤ ከሥሯ ባሉት ደግሞ መጀመሪያ ቀለሙ ጠፋ፣ ከዚያ ቅንድቧ። በመጨረሻ የድሮው ማተሚያ ነጥብ በነጥብ ያወጣው ጥቁር ጥላ ቀረ።

«ይቺ ናት!» አሉ ጋሽ ዶብሪን።

«ጋሼ፣ ምኗ ይታያል?» አልኳቸው።

«ምንም። የጎደለውን የምሞላው እኔ ነበርኩ።»

ዝላትካ ያን ጥላ እንዳለ አተመችው። በማግስቱ ከተማው ሁሉ «ምነው፣ ማተሚያሽ ተበላሸ?» እያለ ሲቀልድባት ዋለ። ጋሽ ዶብሪን ወንበራቸውን አውጥተው፣ ፊታቸውን ወደ በራቸው አዙረው ተቀምጠው ነበር።